ፓምፑ ሲቆም ውሃው የት ይሄዳል? የትልቅ አኳሪየም ቧንቧና ማጣሪያ ዝርዝር መመሪያ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። መብራት ጠፍቷል። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ሳሎን ስደርስ፣ እግሬን ሳሳርፍ ምንጣፉ ውሃ ተፋ። የእጅ ባትሪ አብርቼ ሳይ የአኳሪየሜ የታችኛው ገንዳ ጢም ብሎ ሞልቶ በአራቱም ጎን ይፈስሳል። የላይኛው ገንዳ ውሃ 12 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ያን ጊዜ የነበረኝ ገንዳ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ነበር። ስለዚህ ቁልቁል የወረደው 90 ሊትር ውሃ ነው ማለት ነው።

ፓምፑም መስታወቱም ጤነኛ ነበሩ። ከፓምፑ ወደ ላይ የሚመጣው ቧንቧ አፉ ውሃው ውስጥ ጠልቋል። አየር እንዲያስገባ ብዬ የበሳኋት ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ በአልጌ ተደፍናለች። ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ሲፎን (በውሃ ተሞልቶ ያለ ፓምፕ በራሱ ከላይ ወደ ታች የሚስብ ቧንቧ) ሆነና ውሃውን ወደ ኋላ ስቦ አወረደው።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ አኳሪየም ሳቅድ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ፓምፑ አሁን ቢቆም ውሃው የት ይሄዳል? ቧንቧ ከመግዛታችሁ፣ መስታወት ከመብሳታችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ መልሱ። የቀረው ሥራ ከዚያ በኋላ መስመር ይይዛል።

ለምሳሌ እንዲመቸን ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንያዝ። እስከ አፉ ቢሞላ 720 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ፣ መቆሚያው ውስጥ፣ ሁለተኛ ገንዳ አለ፤ ሳምፕ ይባላል። እሱ ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃው ከላይኛው ገንዳ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሳምፑ ውስጥ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ማሞቂያው፣ ማጣሪያው፣ ፓምፑ ሁሉ ታች ስለሚደበቁ ላይ የሚታየው ዓሣና ተክል ብቻ ነው።

ሳምፕ የግድ ነው ወይ? አይደለም። ሁለት ትልልቅ የተዘጉ ባልዲ መሰል ማጣሪያዎች ይህን ገንዳ ሊይዙት ይችላሉ። መስታወት መብሳትም አያስፈልግም። ግን ለማጽዳት ሁልጊዜ መፍታት አለባቸው፣ የሚይዙት ማጣሪያ ውስን ነው፣ መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ ውስጣቸው ያለው ውሃ ኦክስጅን ያልቅበትና ውሃውን የሚያጣራው ባክቴሪያ ይሞታል። ከ500 ሊትር በላይ ላለ ገንዳ እኔ ያለ ማመንታት ሳምፕ እመርጣለሁ።

ደግሞ ክብደቱን አትርሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የሁለቱ ገንዳዎች ውሃ፣ መስታወቱ፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲደመሩ ከአንድ ቶን ያልፋል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ወለሉን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው።

1. ስሌቱ

የላይኛው ገንዳ ስፋት 200 ሲባዛ በ60፣ ማለትም 12,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር 12 ሊትር ወደ ታች ሄደ ማለት ነው። ሳምፑ ደግሞ 120 ሲባዛ በ45፣ 5,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5.4 ሊትር ይይዛል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መቆሚያው በር ጀርባ ላይ ጻፏቸው። ዘወትር ይፈለጋሉ።

አሁን ፓምፑን በሐሳብ አጥፉት። ከፓምፑ የሚመጣው ቧንቧ አፉ ከውሃው ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው እንበል። ውሃው አፉ እስኪጋለጥና አየር እስኪገባ ድረስ ይወርዳል፤ 36 ሊትር። የማፍሰሻው (ውሃው ወደ ሳምፑ የሚወርድበት) ሳጥንና ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውም ይጨመራል፤ ለእሱ 9 ሊትር ያዙ። ድምሩ 45 ሊትር። በሳምፑ ሲካፈል 8.3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ሳምፑ በሥራ ላይ እያለ ውሃው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አለ። በደንብ ይበቃል።

የቧንቧው አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅስ? 120 ሊትር፣ ሲደመር 9፣ 129 ሊትር። ይህ ሳምፑ ውስጥ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ያለው ቦታ ግን 20 ነው። ያን ሌሊት እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ የመመለሻውን፣ ማለትም ከፓምፑ ወደ ላይ የሚመጣውን ቧንቧ፣ አፍ ከውሃው ወለል አታርቁት። ፀረ ሲፎን ቀዳዳ መብሳት ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ እንጂ እንደ መተማመኛ አትቁጠሩት። ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም እንዲሁ ነው። አንዲት ቀንድ አውጣ ወይም የአሸዋ ቅንጣት በመዝጊያው መካከል ከገባች አይዘጋም። ስሌቱ ያለ ቀዳዳውም፣ ያለ ቫልቩም መሥራት አለበት።

ተቃራኒውንም አስቡ። ማፍሰሻው ተደፍኖ ፓምፑ ግን መሥራቱን ቢቀጥልስ? ሳምፑ በመስታወት በክፍሎች ይከፈላል፤ ፓምፑ ወደ ላይ የሚወስደው እሱ ያለበትን የመጨረሻ ክፍል ውሃ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ክፍሎች የመከፋፈያ መስታወቱ ይይዛቸዋል። ይህ ክፍል ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ45 ወርድና በ25 ከፍታ 34 ሊትር ገደማ ይሆናል። ላይ ሲደርስ ውሃውን 2.8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ላይኛውን ገንዳ 5 ሴንቲ ሜትር አጉድላችሁ ከሞላችሁ አንድም ጠብታ ወለል አይነካም። የፓምፑን ክፍል አሳንሱት የምለው ለዚህ ነው።

የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ካላችሁ ግን ይህ ስሌት ይለወጣል። ማፍሰሻው ሲደፈን የፓምፑ ክፍል ውሃ ይጎድላል። መሣሪያው ውሃ የተነነ ይመስለውና መጨመር ይጀምራል። የሚጨምርበት ማጠራቀሚያ 50 ሊትር ከሆነ 50 ሊትሩን ሁሉ ይጨምራል። የማጠራቀሚያውን መጠን በላይኛው ገንዳ ባዶ ቦታ ልክ ወስኑት።

2. ወደ ታች የሚሄደው መስመር

ከሁሉም የምጨነቅበት ክፍል ይህ ነው። ፓምፕ ቢቆም ዓሣው ለጊዜው ይታገሳል፤ ማፍሰሻ ቢደፈን ግን ውሃው ይፈስሳል። በገንዳው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ጠባብ ሳጥን ይሠራል። ውሃው በሳጥኑ ከንፈር ላይ አልፎ ይወድቅና በቧንቧ ይወርዳል። ከንፈሩ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና በሰዓት 3,600 ሊትር ቢያልፍበት ውሃው ከንፈሩ ላይ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኖረዋል። ዓሣ እንዳያልፍ ጥርስ ካወጣችሁለት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከንፈሩ በረዘመ ቁጥር ውሃው ይሳሳል፣ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባትም በደንብ ይጠርጋል።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ቧንቧ አድርጉ። አንድ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አንዱ የሚደፈንበት ቀን ግን አይታወቅም።

የመጀመሪያው ሁልጊዜ በውሃ የሞላ፣ አየር የማይገባበት ሲፎን ነው። ከታች ጌት ቫልቭ (ብዙ ጊዜ እየዞረ ቀስ በቀስ የሚዘጋ መዝጊያ) ይገባለታል። በዚህ ቫልቭ ፍሰቱን ከፓምፑ ጋር ታስተካክሉታላችሁ። አየር ስለሌለው ድምፅ የለውም። ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚንኳኳ ማፍሰሻ ምን ያህል እንደሚያሰለች የሚያውቀው ያውቀዋል። ቦል ቫልቭ እዚህ ቦታ አይሆንም፤ ሩብ ዙር ከፍቶ ዘጊ ስለሆነ በፀጉር ስንጥቅ ልክ ማስተካከል አይቻልም።

ሁለተኛው ከሲፎኑ የተረፈችውን ትንሽ ውሃ በግድግዳው ተንሸራታ እንድትወርድ የሚያደርግ ክፍት ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ ይያያዝና የቱቦው አፍ ከመደበኛው የውሃ ልክ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቧንቧ ቢደፈን ውሃው ይነሳል፣ የቱቦውን አፍ ይዘጋል፣ አየር ይቋረጣል፣ ሁለተኛውም ሲፎን ሆኖ ሸክሙን ይረከባል። ይህን ስታዩት ደስ ይላል፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

ሦስተኛው አፉ ከሁሉም ከፍ ያለ፣ ሁልጊዜ ደረቅ የሆነ የአደጋ ጊዜ ቧንቧ ነው። እሱ ላይ ቫልቭ አታድርጉ። ከሌሎቹ ጋርም አታገናኙት፤ ለብቻው ሳምፑ ውስጥ ይውረድ። ውሃ ሲወርድበት ከሰማችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እንደ ደወል ቁጠሩት።

ለምሳሌያችን ሦስቱንም 40 ሚሊ ሜትር አደርጋቸዋለሁ። ለሲፎኑ ከሚያስፈልገው ይበልጣል፣ ግን ቫልቩ ያንቀዋል፤ ለአደጋ ጊዜው ደግሞ ትርፍ አቅም አይጠላም። ቧንቧዎቹ አግድም አይሂዱ፤ ቁልቁል ይዘንብሉ። አንድ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ (ማጠፊያ ማያያዣ) ከማድረግ ሁለት ባለ 45 ይሻላል። የሲፎኑ ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ። ከዚያ ካለፈ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና መብራት በመጣ ቁጥር ሲፎኑ በራሱ ለመነሳት ይቸገራል።

መስታወቱን ስትበሱ አንድ ነገር ቀድማችሁ አረጋግጡ፦ በሙቀት የጠነከረ መስታወት አይበሳም። መሰርሰሪያው ሲነካው ይፈነዳል። ብዙ ገንዳዎች የታችኛው መስታወታቸው ብቻ የጠነከረ ነውና ሻጩን ጠይቁ። የሚበሳ ከሆነ በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ ሳትጫኑ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ ብሱት። ቀዳዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ። የቀዳዳውን ልክ በቧንቧው ቁጥር አትወስኑት፤ ቧንቧውን ከመስታወቱ ጋር የሚያያይዘውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ለኩ። የዚያ ዕቃ የጎማ ማሸጊያ በሰፊው ጭንቅላት በኩል፣ ውሃው ባለበት ወገን ይገባል። በእጅ አጥብቁት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምሩ። በቁልፍ ካጠበቃችሁት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

3. ወደ ላይ የሚሄደው መስመር

ሳምፕ ውስጥ የሚዞረው ውሃ በሰዓት የገንዳውን መጠን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቢሆን ይበቃል። ለእኛ 3,600 ሊትር ጥሩ ቁጥር ነው። ገንዳው ውስጥ ኃይለኛ ሞገድ ከፈለጋችሁ ለዚያ የተለየ ማዕበል ፈጣሪ ፓምፕ አስገቡ።

ፓምፕ ስትመርጡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ያ ቁጥር ከፍታ በሌለበት የተለካ ነው። «ከፍተኛ ከፍታ 3 ሜትር» የሚል ፓምፕ 3 ሜትር ላይ ውሃ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ 3 ሜትር ላይ ፍሰቱ ዜሮ ነው ማለት ነው። ከሳምፑ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው ገንዳ ያለውን ከፍታ ለኩ። ለያንዳንዱ ኤልቦና ለቧንቧው ርዝመት ጥቂት ጨምሩ። ከዚያ አምራቹ በሚያወጣው የከፍታና የፍሰት ግራፍ ላይ ያ ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ አንብቡ። ግራፍ የሌለውን ፓምፕ አልገዛም።

የፓምፑ መውጫ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ቧንቧውን 32 አድርጉት። ሰፊ ቧንቧ ግፊት አይበላም። ፓምፑና ቧንቧው በአጭር የሲሊኮን ቱቦ ቢያያዙ ንዝረቱ ወደ መቆሚያው አይሄድም። ከፓምፑ በላይ ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ ማያያዣ) እና ቦል ቫልቭ አድርጉ። ፓምፑ ለጽዳት ሲወጣ ቧንቧ መቁረጥ የለባችሁም።

መዳብ፣ ነሐስና ዚንክ የተቀባ ብረት የትም ቦታ አይግባ። መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይገድላል።

የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቧንቧ ስታጣብቁ መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ሙጫ ገጣጥሙት። ቧንቧውና ማያያዣው በሚገናኙበት ላይ በብዕር አንድ መስመር አስምሩ። ሙጫ ተቀብቶ ሲገባ ለማሰብ ጊዜ የላችሁም፤ መስመሩ አቅጣጫውን ያሳያችኋል። ሩብ ዙር እያዞራችሁ አስገቡት፣ ለግማሽ ደቂቃ ይዛችሁ ቆዩ። ከዚያ 24 ሰዓት ውሃ አታስነኩት። እየዞረ የሚጠብቅ ጥርስ ያለው ማያያዣ ግን ሙጫ ሳይሆን የቴፍሎን ጥቅል ነው የሚፈልገው።

4. ሳምፑ ውስጥ ምን ይግባ?

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ቆሻሻው በመጀመሪያ ይያዝ፣ ባክቴሪያው ቀጥሎ ይሥራ፣ ንጹሑ ውሃ ፓምፑ ጋ ይድረስ።

ውሃው ሲወርድ የሚያገኘው የማጣሪያ ከረጢት ነው። 200 ማይክሮን (ቀዳዳው የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ) የሚባለው የተለመደ ነው። በሦስትና በአራት ቀን ካልታጠበ ይደፈናል፣ ውሃውም በላዩ ያልፋል። ይህን ያህል መከታተል የማይመቻችሁ ከሆነ ከረጢቱን ትታችሁ ሸካራና ልሙጥ ስፖንጅ ደርድሩ። በወቅቱ የሚታጠብ ስፖንጅ ከተረሳ ከረጢት ይበልጣል።

ቀጥሎ ባክቴሪያው የሚኖርበት ነው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ብዙ ገጽ ያለው ነገርና ኦክስጅን ነው። ሴራሚክ ቀለበት፣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ቁራጮች፣ ሁሉም ይሠራሉ። ዋጋ የሚያስወድደው ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም። ዋናው ውሃው በመካከላቸው ማለፉ ነው። በጎን አምልጦ የሚያልፍ ከሆነ ቦታ መያዝ ብቻ ነው ትርፉ።

ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ሽታና ቢጫነት ያወጣል፣ መድኃኒትም ይስባል። ሁልጊዜ አያስፈልግም። ዓሣ ስታክሙ ደግሞ አውጡት።

ከፓምፑ ክፍል በፊት ሦስት መከፋፈያ መስታወት ተራ በተራ ይቁሙ። ውሃው በመጀመሪያው ላይ፣ በሁለተኛው ሥር፣ በሦስተኛው ላይ ይለፍ። በመካከላቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። አረፋው እዚህ ይቀራል። ባይቀር ፓምፑ ይወስደውና ገንዳው የለስላሳ መጠጥ ብርጭቆ ይመስላል።

ማሞቂያውን የፓምፑ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። ሳምፕ ውስጥ ትነት የሚቀንሰው የዚያን ክፍል ውሃ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ልክ አይለወጥም። ውሃው ሲጎድል የተጋለጠ ማሞቂያ ይሰነጠቃል። ደግሞ አንድ 600 ዋት ከሚሆን ሁለት 300 ዋት ይሁን። አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን ቶሎ አያፈላም፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዘዋል።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ተቆልምመው ይውጡ። በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም። መስመሩ ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚዘጋ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑር። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ትከታላችሁና በዚህ አትደራደሩ።

5. ፈተናው

ዓሣ ሳይገባ፣ አሸዋ እንኳ ሳይገባ፣ ገንዳውን ሙሉና 48 ሰዓት ተዉት። በያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ደረቅ ሶፍት አስቀምጡ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል።

ከዚያ ፓምፑን አስነሱ። ጌት ቫልቩን ሙሉ ክፈቱ፤ ሲፎኑ እየተንኳኳ አየር ይስባል። በጣም በቀስታ መዝጋት ጀምሩ። አንድ ሩብ ዙር፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና ጥቂት። ድንገት ድምፁ ይጠፋል። ሁለተኛው ቧንቧ ውስጥ ቀጭን የውሃ ክር ብቻ ሲወርድ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ አትነካኩት።

አሁን ሶኬቱን ንቀሉት። ቁሙና እዩ። ውሃው ይወርዳል፣ ሳምፑ ይነሳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆማል። የቆመበት ቦታ ከሳምፑ አፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ይርቃል? ከስሌታችሁ ጋር አስተያዩት። መልሳችሁ ሰኩት፣ መደበኛው ሥራው ሲረጋ በሳምፑ መስታወት ላይ የውሃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከዚያ መስመር በላይ ውሃ አይሞላም። ንቀሉና ሰኩ፣ አምስት ጊዜ ደጋግሙት፤ ሲፎኑ በአምስቱም ጊዜ በራሱ መነሳት አለበት። ከዚያ የሲፎኑን አፍ በእጃችሁ ድፈኑና ሁለተኛው ሲረከብ ተመልከቱ። ሁለቱንም ድፈኑና ሦስተኛውን ፈትኑት። በመጨረሻ ሦስቱንም ድፈኑ፤ ፓምፑ ክፍሉን አሟጥጦ አየር ሲስብ ላይኛው ገንዳ አሁንም ካልፈሰሰ ቧንቧው ተሳክቷል።

ባክቴሪያው ግን ገና ነው። የመጠጥ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው ማጥፊያውን ጨምሩ። ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል እስኪሆን ጨምሩና በየሁለት ቀኑ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል፣ ከዚያ እሱም ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንደገና 2 ሚሊ ግራም ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ግማሹን ውሃ ቀይሩና ዓሣ በጥቂት በጥቂቱ አስገቡ። በመጀመሪያው ወር ስፖንጁን ከቧንቧ በሚመጣ ውሃ አትጠቡት፤ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። በየወሩ ደግሞ የመመለሻውን ፀረ ሲፎን ቀዳዳ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ወግታችሁ አረጋግጡ።